ሎኮሞቲቩ የማን ነው? ለወጣት ባለሙያዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ አካውንቲንግና ፋይናንስ ጨርሳችሁ ባንክ ገብታችኋል። ሌሎቻችሁ ምህንድስና ተምራችሁ ባቡር ላይ እየሠራችሁ ነው፤ ወይም ልትገቡ ታስባላችሁ። የምትጠይቁኝ ግን ያው አንድ ጥያቄ ነው። ባቡር የሚጎትተውን ይህን ሁሉ ሎኮሞቲቭ የሚገዛው ማን ነው? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? እኔ የሥራ ዕድሜዬን አብዛኛውን ያሳለፍኩት አውሮፓ ውስጥ፣ ሎኮሞቲቭ በሚያከራይ ድርጅት ነው። የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ ነው ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቡት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በዚህ ሙያ የገንዘቡ ሰው ዲፖ፣ ማለትም ባቡር የሚጠገንበት ግቢ፣ ካልረገጠ፣ የዲፖው ሰውም ውል ካላነበበ፣ ኪሳራው አይቀርም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደምል የሚያሳይ ነው።

አንድ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ አውሮፓ ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን ዩሮ ያወጣል። በደንብ ከተያዘ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ይህን ያህል ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ ሠላሳና አርባ ሎኮሞቲቭ በአንዴ የሚገዛ የባቡር ኩባንያ ብዙ የለም። ስለዚህ ይበደራል፤ ወይም ይከራያል። በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ባለቤቱ ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ ብድር መኪና የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ነጂው እሱ ነው። ነዳጅ የሚሞላው፣ ዘይት የሚቀይረው፣ ትራፊክ ሲይዘው የሚቀጣው እሱ ነው። ሊብሬው ግን ባንክ ቤት ነው። ብድሩ ካላለቀ መሸጥ አይችልም።

አሜሪካኖች ይህንኑ ለባቡር የሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዘዴው የፊላደልፊያ ፕላን ይባላል። ችግራቸው ይህ ነበር። የባቡር ኩባንያዎቹ ሐዲድ ለመዘርጋት ቦንድ ሸጠዋል። የቦንዱ ውል ደግሞ ኩባንያው ወደፊት የሚያፈራውን ንብረት ሁሉ በመያዣነት ይጠቀልላል። አዲስ ሎኮሞቲቭ በኩባንያው ስም ሲገዛ ወዲያው የድሮዎቹ አበዳሪዎች መያዣ ይሆናል ማለት ነው። ታዲያ አዲስ አበዳሪ ምን ተማምኖ ገንዘቡን ያውጣ?

መላ ተገኘለት። ሎኮሞቲቩ በኩባንያው ስም አይገዛም። አንድ ባንክ ባለአደራ ሆኖ በራሱ ስም ይይዘዋል። ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ የዋጋውን 20 በመቶ ያህል በቅድሚያ ይከፍላል። ቀሪው ለኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ለሌሎች ገንዘብ ላላቸው በሚሸጥ የምስክር ወረቀት ይሸፈናል። ኩባንያው እስከ 15 ዓመት ድረስ ኪራይ እያለ ይከፍላል። የመጨረሻዋ ክፍያ ስታልቅ ስሙ ይዞርለታል። እስከዚያ ድረስ በሎኮሞቲቩ ጎን ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተመትታ ትቆያለች። ሰሌዳዋ ላይ የባለአደራው ባንክ ስም፣ ባለቤትና አከራይ መሆኑም ተጽፏል። የሙዚየም ሎኮሞቲቭ ስታዩ ጎኑን ልብ በሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ አሁንም አለች።

ይህ ዘዴ የተፈተነው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ብዙ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ከሰሩ። የሐዲድ ቦንድ የያዙ ሰዎች ክፍያቸው ቆመ። የሎኮሞቲቭና የፉርጎ የምስክር ወረቀት የያዙት ግን በአብዛኛው ገንዘባቸውን አገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከሰረ ኩባንያም ቢሆን ባቡር ካልነዳ ገቢ የለውም። ሎኮሞቲቩን ቢመልስ በምን ይጎትታል? ስለዚህ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ እሱን ይከፍል ነበር። ዛሬም የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ፣ ክፍል 1168፣ ለከሰረው ኩባንያ 60 ቀን ይሰጠዋል። በ60 ቀን ውስጥ ውዝፉን ከፍሎ ውሉን ካልቀጠለ ዕቃውን ለባለቤቱ ያስረክባል። አበዳሪ ይህን ሲያውቅ ወለድ ይቀንሳል። ልብ በሉ፤ ወለዱ የቀነሰው ኩባንያው ስለታመነ አይደለም። ዕቃው እንደሚመለስ ስለታመነ ነው።

እኛም አገር ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ነው። ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንዱስትሪዎች በሚሰጠው የሊዝ ፋይናንስ ተከራዩ 20 በመቶ ያዋጣል፤ ባንኩ 80 በመቶውን አውጥቶ ማሽኑን ይገዛል። ክፍያው እስኪያልቅ ባለቤቱ ባንኩ ነው። ከፊላደልፊያው ዘዴ ጋር አጥንቱ አንድ ነው። ባንክ ውስጥ የምትሠሩ ልጆች፣ የእንጀራ መጋገሪያ ወይም የፕላስቲክ ማሽን የሊዝ ፋይል ስትይዙ ትልቅ ነገር እየተማራችሁ እንደሆነ እወቁ።

የሚንቀሳቀስ ዕቃ ግን ድንበር ይሻገራል። አበዳሪው የሚፈራውም ይህንኑ ነው። ለአውሮፕላን ይህን ፍርሃት ያቀለለው በ2001 ኬፕታውን ላይ የተፈረመው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አጽዳቂዎች አንዷ ናት። በ2004 ስምምነቱ ሥራ ላይ ሲውል ከፓናማና ከናይጄሪያ ጋር ስሟ ነበረበት። ለባቡር የሚሆነው ተጓዳኝ ሰነድ፣ የሉክሰምበርግ ፕሮቶኮል፣ በ2007 ቢፈረምም ሥራ ላይ የዋለው ገና ማርች 8 ቀን 2024 ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀ። እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። በዚያ ቁጥር የማን መብት እንዳለበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከቀደሙት አጽዳቂዎች መካከል አፍሪካዊቷ ጋቦን አለችበት። ሕግ የተማራችሁ ልጆች ይህን ሰነድ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አሁን አዲስ ነው፤ በአገራችን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሰው ያስፈልጋል።

አገሮች ደግሞ ተሰብስበው ይበደራሉ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ክፍል ነው። በ1956 የአውሮፓ መንግሥታት የባቡር ድርጅቶቻቸውን አስተባብረው ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዩሮፊማን አቋቋሙ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አሥር ዓመቱ ነው። ሁሉም ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ይፈልጋል፤ ሁሉም በየፊናው ቢበደር ይወደድበታል። ዩሮፊማ በባለአክሲዮኖቹ ጀርባ ተማምኖ በርካሽ ይበደርና ለየድርጅቱ ያከፋፍላል። ለብድሩ ዋስትናው የተገዛው ዕቃ ራሱ ነው።

ሕንድ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1986 የሕንድ ባቡር ፋይናንስ ኮርፖሬሽንን አቋቋመች። ዋና ሥራው አንድ ነው። ከገበያ ይበደራል፣ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ይገዛል፣ ለባቡር ሚኒስቴር ያከራያል። የኪራዩ ዘመን 30 ዓመት ነው። በመጀመሪያው 15 ዓመት ዋናውም ወለዱም ተከፍሎ ያልቃል። በቀጣዩ 15 ዓመት ኪራዩ ለስሙ ያህል ብቻ ነው። ይህን አከፋፈል ወድጄዋለሁ። ሎኮሞቲቩ ወጣት ሳለ ብዙ ይሠራል፤ ብዙ ይከፍላል። ሲያረጅ ጥገናው ይበዛል፤ ያኔ የኪራዩ ሸክም ከላዩ ወርዷል። ብድሩ የዕቃውን ዕድሜ ተከትሎ ነው የተሰፋው።

የእንግሊዝ ነገር ግን ያሳዝነኛል። በ1994 የመንግሥት ባቡር ሲከፋፈል ያሉት የመንገደኛ ባቡሮች ከሞላ ጎደል በሙሉ ለሦስት አከራይ ኩባንያዎች ተሰጡ። የኪራይ ውሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ተከራዩም ታውቋል። ከዚያ ኩባንያዎቹ በ1996 መጀመሪያ ለግል ባለሀብት ተሸጡ። ከሦስቱ አንዱ፣ ፖርተርብሩክ፣ ወደ 530 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። ዓመት ሳይሞላ ለሌላ ገዢ ወደ 825 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። አንዲት ባቡር አልተጨመረም። የጨመረው ነገር ቢኖር የኪራይ ውሉን ዋጋ በትክክል ያነበበ ሰው መገኘቱ ነው። ልዩነቱ የሕዝብ ገንዘብ ነበር። መንግሥት ቤት ልትቀጠሩ ያሰባችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን ታሪክ አጥኑት።

አሁን ወደ ዲፖ እንውረድ።

ኪራይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መጨረሻ ላይ ዕቃው ለተከራዩ የሚቀርበት ነው፤ በስሙ ኪራይ ይባል እንጂ ብድር ነው። ሁለተኛው ሎኮሞቲቩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለአከራዩ የሚመለስበት ነው። እኔ የሠራሁት በሁለተኛው ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ርክክቡ ቀን ነው። ውሉ ዕቃው በምን ሁኔታ እንደሚመለስ ይደነግጋል። ለምሳሌ የመንኮራኩሩን ዲያሜትር ውሰዱ። በብዙ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ አዲስ መንኮራኩር 1,250 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። በሥራ ብዛት ይበላል፤ ቅርጹ ሲበላሽ በማሽን ይላጫል። በድምሩ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያልቅ መቀየር አለበት። ስለዚህ በርክክቡ ቀን አንድ ቴክኒሻን መለኪያውን ይዞ ከሎኮሞቲቩ ሥር ይገባል። እያንዳንዱን መንኮራኩር ይለካል፤ ቁጥሩን ይጠራል፤ ሌላው ይጽፋል። ውሉ ለመንኮራኩሩ ቢያንስ ግማሽ ዕድሜ ይቅረው ካለና ያነሰ ከተገኘ ልዩነቱን ተከራዩ ይከፍላል። ሎኮሞቲቭ አራት ወይም ስድስት አክስል፣ ማለትም ጥንድ መንኮራኩር የተገጠመበት ዘንግ፣ አለው። ሂሳቡ ቀላል አይደለም።

ከብረቱ የሚብሰው ደግሞ ወረቀቱ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ተከራይ የተመለሰ ሎኮሞቲቭ አይቻለሁ። ንጹሕ ነው፤ ቀለሙ ያበራል፤ ተነስቶ ይሄዳል። የብሬክ እድሳቱ መዝገብ ግን የለም። ሥራው ተሠርቷል አሉ። ማን ሠራው? መቼ? በየትኛው መለዋወጫ? መልስ የለም። መዝገብ ከሌለ ያ ሥራ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። ሎኮሞቲቩ ወራት ቆመ፤ የብሬክ ዕቃው ሁሉ ወርዶ እንደገና ታደሰ። እዚያ ተከራይ ድርጅት ውስጥ የነበሩት ወጣት መሐንዲሶች ጎበዞች ነበሩ። ውሉን ግን ማንም አላሳያቸውም። ስለዚህ እናንት መሐንዲሶች፣ የምትጠግኑት ሎኮሞቲቭ ውል አባሪ ላይ የጥገናና የርክክብ ሁኔታ የሚል ክፍል አለ። ጠይቃችሁ አንብቡት። ካልሰጧችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ለፋይናንስ ልጆች ደግሞ አንድ ሂሳብ ልስጣችሁ። ለምሳሌ ያህል ነው፤ እናንተም ሥሩት። ሎኮሞቲቩ 4 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ብድሩ የ15 ዓመት፣ ወለዱ 6 በመቶ። እኩል እኩል ከተከፈለ በዓመት ወደ 412 ሺህ ዩሮ ይመጣል። ሎኮሞቲቩ በዓመት 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 4 ዩሮ ከ12 ሳንቲም ዕዳ ይሸከማል። አሁን ጎበዝ ተደራዳሪ አግኝታችሁ ወለዱ ወደ 5 በመቶ ወረደ እንበል። የዓመቱ ክፍያ ወደ 385 ሺህ ይወርዳል፤ 6 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ወለዱ በነበረበት ቆሞ ዲፖው ቢሻሻልስ? መለዋወጫ በጊዜ ቢገባና ሎኮሞቲቩ በዓመት 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ? ያኔ የኪሎ ሜትሩ ዕዳ 3 ዩሮ ከ43 ሳንቲም ይሆናል። 17 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስብሰባ ላይ ስለ ወለድ ሰዓታት ይወራል። ስለ መለዋወጫ መጋዘኑ የሚጠይቅ ሰው አንድ ከተገኘ እሰየው ነው።

የብድሩ ዘመንም እንደዚሁ ነው። ያንኑ ሎኮሞቲቭ በ8 ዓመት ክፈል ከተባለ የዓመቱ ክፍያ 644 ሺህ ዩሮ ይሆናል። ዕቃው 30 ዓመት የሚሠራ፣ ብድሩ በ8 ዓመት የሚያልቅ ከሆነ ድርጅቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይታነቃል። እኛ ይህን በአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር አይተነዋል። የመስመሩ ወጪ አብዛኛው የተሸፈነው በቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር ነው። ሎኮሞቲቮቹም ከቻይና ነው የመጡት። መስመሩ በ2016 ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በጥር 2018 ነው። በዚያው ዓመት የመክፈያው ዘመን ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። መራዘሙ ትክክል ነበር። ሐዲድ የሚያህል ነገር በ10 ዓመት ገቢ አይከፈልም።

ለምን ሎኮሞቲቮቹን አልተከራየንም የሚል ጥያቄም ይመጣል። መልሱ ሎኮሞቲቩ ሌላ የት ይሠራል በሚለው ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጀርመን ያለ ተከራይ ቢከስር፣ ብዙ ዓይነት የኤሌክትሪክ መስመር የሚችል ሎኮሞቲቭ በሳምንታት ውስጥ ኦስትሪያ ወይም ጣሊያን ሥራ ያገኛል። ሐዲዱ ስፋቱ አንድ ነው፤ መስመሩም የተያያዘ ነው። አከራዩ የሚተኛው በዚህ ተማምኖ ነው። የእኛው ሎኮሞቲቭስ? በስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ፣ በ25 ኪሎ ቮልት የሚሠራ ነው። የኬንያው አዲስ መስመር ስፋቱ አንድ ቢሆንም በናፍጣ ነው የሚሠራው። የታንዛኒያው ኤሌክትሪክ ነው። ከሁለቱም ጋር ግን በሐዲድ አልተገናኘንም። አከራዩ ዕቃውን ለመመለስ መርከብ ላይ መጫን አለበት። ይህን አደጋ በርካሽ የሚሸከም የግል አከራይ አይገኝም፤ ስለዚህ የመንግሥት ዋስትና ያለበት ብድር ሆነ። መስመሮቻችን ከጎረቤት ጋር በተያያዙ ቁጥር ግን ይህ ይለወጣል። የሐዲድ ስፋትና የቮልቴጅ ምርጫ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። የወለድ ጉዳይም ነው።

የምንዛሬውን ነገር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ኖራችሁታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 አለፈ። በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ያለበት ድርጅት ትናንት 57 ሚሊዮን ብር ሲያስብ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሊያስብ ነው። ሎኮሞቲቩ ግን አንድ ኪሎ አልጨመረም፤ የሚጎትተው ያንኑ ነው። ስለዚህ ውል ስታዩ ገቢው በምን ገንዘብ ነው፣ ክፍያውስ በምን? ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ካልተገናኙ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ደቡብ አፍሪካን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በመጋቢት 2014 የመንግሥቱ የትራንስፖርት ድርጅት ትራንስኔት በአንድ ጊዜ 1,064 ሎኮሞቲቭ ከአራት አምራቾች አዘዘ። መጀመሪያ የተገመተው 38.6 ቢሊዮን ራንድ ነበር። ሲፈረም 54.5 ቢሊዮን ሆነ። ጉዳዩን የአገሪቱ የሙስና መርማሪ፣ የዞንዶ ኮሚሽን፣ መረመረው፤ በሙስና ስሙ ተነሳ። ስለ ሌብነቱ ብዙ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከቻይናው አቅራቢ ጋር ክርክር ተነሳ፤ መለዋወጫ መምጣቱ ቆመ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሎኮሞቲቮች ገና በወጣትነታቸው ቆሙ። ዕዳቸው ግን አልቆመም። የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን የሚጭኑ ደንበኞች ወደ መኪና ዞሩ። አንድ ሰው ውሉ ላይ የመለዋወጫውን አቅርቦት ከግዢው ክርክር ለይቶ ቢያሰፍረው ኖሮ ብዙ ይድን ነበር።

የተቃራኒውን ምሳሌ ከአሜሪካ ልንገራችሁ። በ1986 በርሊንግተን ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ 100 የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ፈለገ። አልገዛም፤ በወር ኪራይም አልተከራየም። ኦክዌይ በተባለ አከራይ በኩል የወሰዳቸው ሎኮሞቲቮቹ በሚያመነጩት የኤሌክትሪክ ኃይል ልክ ሊከፍል ነው። የቆመ ሎኮሞቲቭ አይከፈልበትም። እንዲህ ሲሆን አከራዩ ራሱ ጥገናው እንዲፈጥን ይሯሯጣል። በዓመቱ ከሌላ አምራች ሌላ 100 በተመሳሳይ ውል ወሰደ። ለሁሉም ቦታ ይሠራል አልልም፤ አከራዩ ለዚህ አደጋ ዋጋ ያስከፍላል። ግን ገንዘቡና ዲፖው በአንድ ውል ሲታሰሩ ምን እንደሚሆን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

አሁን የእኛው ባቡር ሥራው በእናንተ እጅ ነው። ለስድስት ዓመት ያስተዳደሩት የቻይና ኩባንያዎች በግንቦት 2024 ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ አስረክበዋል። ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ አላቸው። ሎኮሞቲቮቹ አሥር ዓመት እየሞላቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ከባድ እድሳት ይመጣል። ሞተሩ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የኃይል መቆጣጠሪያው ሁሉ ይፈታል። ይህ በአንድ ዓመት በጀት አይቻልም። በአከራይ ውል ውስጥ ለዚህ መላ አለው። በየኪሎ ሜትሩ ትንሽ ገንዘብ ወደ ተለየ ሂሳብ ይገባል፤ ለእድሳት ካልሆነ አይነካም። ብድር ያለበትም፣ ራሱ የገዛም ድርጅት ይህን ማድረግ ይችላል፤ አከራይ እስኪያስገድደው መጠበቅ የለበትም። እዚያ የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ፣ የፋይናንስ ክፍሉና የጥገና ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጡ። ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በኪሎ ሜትር ስንት ብር፣ ስንትስ ዶላር መቀመጥ እንዳለበት አስሉ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ላኩልኝ፤ ደስ ብሎኝ አያለሁ።

አክባሪያችሁ